የመስጂዳችን ኮሚቴ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

(ከዐስር ሶላት በኋላ ለመስጂድ ጀመዓ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ካሳለፍነው ትግል አንጻር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ስለ መስጂዳችን የወጣቶች ጀመዓ ኮሚቴ ነው። ግን እስቲ እናስተውል። በ2004 አወሊያ ስንሰባሰብ የያዝናቸው ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ፦ የመጅሊስ አመራሮች በየመስጂዳችን በነፃ ምርጫ ይመረጡ፣ አሕባሽን በግዳጅ መጫን ይቁም፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። የሦስቱም ሥር አንድ ነው። በሙስሊሙ ስም የሚሠራ ሰው ሙስሊሙ የመረጠው ይሁን፣ ለመረጠውም መልስ ይስጥ ነው ያልነው። ይህን ይዘው እንዲሄዱልን የመረጥናቸው የ17ቱ ኮሚቴ ወንድሞቻችን ለዚህ ብለው ታሰሩ። መስከረም 27 ቀን 2005 ምርጫው በቀበሌ ሲደረግም፣ የመስጂድ ምርጫ ቦታው መስጂድ ነው ብለን አልተቀበልነውም።

መልካም። የእኛን የጀመዓ ኮሚቴስ ማን መረጠው? መቼ? ባለፈው ረመዷን ለኢፍጧር ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ስንት ተረፈ? አሁን ተነስቶ የሚመልስ ካለ ይመልስ። እኛም ከኮሚቴው ውስጥ ነበርን፤ መልስ የለንም።

የመድረሳውን ጣሪያ ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስም አንጠራም። አንድ ወንድማችን ገንዘብ ያዥም ጸሐፊም ነበር። ደብተሩ በእጁ፣ ብሩም በእጁ። ፈቃደኛ እሱ ብቻ ስለነበረ ሁሉንም አሸከምነው፤ ሁላችንም ተመችቶን ተቀመጥን። ድንገት ቪዛው ወጣለትና በአራት ቀን ውስጥ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። ከመሄዱ በፊት የነበረውን ብር ከመካከላችን ለአንዱ አስረከበ። ስንት እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ ምስክርም አልነበረም። በኋላ ቆርቆሮ ልንገዛ ስንል አንዱ “ስምንት ሺህ ነበር” አለ፤ ሌላው “ኧረ ስድስት ሺህ አይሞላም” አለ። ደብተሩ ሲገለጥ ግማሹ በእርሳስ የተጻፈ፣ ግማሹ የተቀደደ ሆኖ ተገኘ።

ያ ወንድም ሰርቋል ብለን አናምንም፤ ወላሂ አናምንም። ግን እሱን ነፃ የምናወጣበት አንዲት ወረቀት የለንም። ወሬው ግን ሰፈሩን ዞረ። እናቱ በሴቶች በኩል ከፊት ሰፍ የማይጠፉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተራዊሕ እንኳ መጥተው አያውቁም።

ብዙ ሰው ደረሰኝና ኦዲት ሲባል ገንዘብ ያዡን መጠርጠር ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደረሰኙ ገንዘብ ያዡን የሚጠብቅ ጋሻ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራ 282፣ ስለ ጂሃድ ወይም ስለ ሐጅ አይደለም፤ ብድር ስትበዳደሩ ጻፉ፣ ምስክርም አቁሙ የሚል ነው። ይህ የወረደው በሶሓቦች መካከል ነው። እነሱ ላይ ጻፉ ከተባለ እኛ “እንተማመናለን” ብለን መተዋችን ከየት የመጣ ነው?

ስለዚህ ገንዘብ የሚይዝና የሚጽፍ ሰው አንድ አይሁን። ገንዘብ ያዡ ያለ ደረሰኝ አሥር ብርም አይቀበል። ብሩ በኪስ አይደር፤ ባንክ ይግባ፤ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። ሒሳቡን የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ከኮሚቴው ውጭ ይመረጡ። በየሦስት ወሩም ገቢና ወጪው በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እናቶቻችን በእድራቸው ይህንን ከድሮ ጀምሮ ያደርጉታል። ብዙዎቹ ማንበብ ሳይችሉ የማን መዋጮ እንዳልገባ አንድም አይስቱም። እኛ ተማርን የምንለው ነን ያቃተን።

አንዳንድ ወንድሞች “በዚህ ጊዜ ስም መጻፍ ያስጠይቃል” ይላሉ። ስጋታቸው ገብቶናል። ነገር ግን ምንጣፍ የሚገዛና ሕፃናት የሚያስቀራ ጀመዓ የሚደብቀው ነገር የለውም። ሶደቃውን መደበቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ የደረሰኙ ቁጥርና የብሩ መጠን ይበቃል፤ ስሙ አያስፈልግም።

ጸሐፊነትን እንደ ቀላል ሥራ አንየው። በዚህ ዘመን ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ይታሰራል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል። ውሳኔው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ካለ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ምን ተወሰነ፣ ማን ሊሠራው ወሰደ፣ እስከ መቼ፤ እነዚህ በቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈሩ፣ የተገኙት ይፈርሙበት። ሁለተኛ ቅጂው ከኢማማችን ዘንድ ይቀመጥ።

ስለ አሚሩ ብዙ አንልም። አሚር ሁሉን የሚሠራ ሰው አይደለም፤ ሁሉም የድርሻውን መሥራቱን የሚከታተል ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ኃላፊነት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደካማ መሆናቸውን ነግረዋቸው፣ ሹመት አማና እንደሆነ፣ ሐቁን ላልተወጣም በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን አስጠንቅቀዋቸዋል። የአቡ ዘር ኢማን ተጠርጥሮ አይደለም። ጥሩ ሰጋጅ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሥራ መምራት ሌላ። ዒልም ያለው ሁሉ ሒሳብ ይችላል ማለትም አይደለም፤ ለዚህ እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ራሳችን በቂ ማስረጃ ነን።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ቢከብድም እንናገረው። ዕቃ ስንገዛ ነጋዴው ለገዛው የኮሚቴ አባል “ይቺ ለአንተ” ብሎ የሚሰጣት ነገር አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው “ይህ የእናንተ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ” ሲል ሚንበር ላይ ወጥተው ነው ያወገዙት፤ ከእናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። የጀመዓውን ብር ይዘን ሄደን ያገኘነው ቅናሽም ሆነ ጉርሻ የጀመዓው ነው።

እህቶቻችንንም አንርሳ። የኢፍጧሩን ሾርባ የሚሠሩት፣ ከመዋጮውም ትልቁን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲት እህት የለችም። ሲመካከሩ እነሱ የሉም፤ ሲላላኩ ግን አሉ። በዚህ ምርጫ ከራሳቸው ወገን ራሳቸው ይምረጡ።

ምርጫው ኢንሻአላህ የፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ እዚሁ ይካሄዳል። ነባሩ ኮሚቴ፣ እኛን ጨምሮ፣ መጀመሪያ ያለውን የሌለውን በግልጽ ተናግሮ ያስረክባል። የጎደለ ካለ በእኛ ላይ ይጻፍ፤ በሌለ ሰው ላይ አይጻፍ።

ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄደን አፉ በሉን ልንላቸው አስበናል። አብሮን መሄድ የሚፈልግ በር ላይ ይጠብቀን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።