ዶሮአችን፣ ውሻችንና የጫካ ጎረቤቶቻችን
(በእጃጂ ለአካባቢው ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ውሻና ስለ ድመትም እናወራለን። ከጫካ እየወጡ ስለሚጎበኙን አውሬዎችም ጥቂት እንላለን። «ይህንንስ ለማውራት ስብሰባ ምን አስፈለገ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በሬ ሲታመም መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ዶሮ ስትሞት ግን «ዶሮ ናት» ይባልና ይታለፋል።

እስቲ ቤታችሁን አስቡ። ጨው የሚገዛው በምን ነው? የልጁ ደብተርና እርሳስስ? ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል፣ በቆሎውም ገና እሸት ሳይሆን፣ እናት እንቁላሏን በገለባ አድርጋ ወደ እጃጂ ገበያ ትወጣለች። የበሬው ገንዘብ የአባት ነው። የዶሮዋ ገንዘብ ግን በብዙ ቤት የእናት ነው። ዶሮ ያለቀችበት ቤት መጀመሪያ ባዶ የሚቀረው የእናት እጅ ነው።

ዶሮ ላገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝበር በሚባል ቦታ የጥንት ነገር መርማሪዎች መሬት ሲቆፍሩ የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። ዕድሜው ከ2,500 ዓመት በላይ ነው። የዘሯ ምንጭ ግን ከሩቅ፣ ከእስያ ጫካ ነው። እዚያ ዛሬም ቀይ የዱር ዶሮ ይኖራል። ሰው አላመዳትና ከአገር አገር ይዟት ዞረ። እኛ አገር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አለ። አብዛኛው እንደ እናንተ ባለ ገበሬ ጓሮ ጭሮ የሚያድር ነው።

የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ለምን አነሰ? አንዱ ምክንያት ማቀፏ ነው። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ብዙ ሳምንት ጫጩት ስታሳድግ አትጥልም። አንዳንድ እናቶች እንዳታቅፍ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፤ ሌሎች ደግሞ ጎረቤት ቤት ወስደው ያሳድሯታል። የጎረቤቱ ዘዴ ደህና ነው። ውኃው ግን ይቅርባት፣ ብርድ ይመታታል። ሌላው ምክንያት ዘር ነው። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሆሮ የሚገኘው የዶሮ ዘር በምርምር ሰዎች ተመርጦ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል፣ ብዙ የሚጥለው ከብዙ ከሚጥለው ጋር እየተዳቀለ እንዲራባ ተደረገ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የእንቁላሉ ቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ። ልብ በሉ! ይህ ከውጭ የመጣ ዶሮ አይደለም፤ ሉኩ ብላችሁ የምትጠሩት የዚሁ አገር ዶሮ ነው። እናንተም ከመንጋችሁ ጥሩ የምትጥለዋን ለዘር አስቀሩ። ለበዓል የሚታረደው ሁልጊዜ ትልቁና ያማረው አውራ ነው፤ ለዘር የሚቀረው ግን ቀጫጫው ነው። ይህ ነገር የተገላቢጦሽ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈንግል ነው።

ፈንግል ድንገት ይገባል። ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት አትወርድም። ክንፏን ትጥላለች፤ ትተክዛለች። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዷ አንገቷ ይጠመዘዛል። በሳምንት ውስጥ ግቢው ጭር ይላል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይበረታል። «ነፋስ አመጣው» የሚል ብዙ ነው። ነፋስ ግን ከሩቅ መንደር ተሸክሞ አያመጣውም። በሽታው ቫይረስ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ይህ ረቂቅ ነገር በዶሮዋ ኩስ፣ በንፍጧና በላባዋ ላይ ይገኛል። በሰው ጫማ፣ በዶሮ ማጓጓዣ ቅርጫት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከገበያ በተገዛች የታመመች ዶሮ ቤት ይገባል።

አንዲት እናት እናስብ። ከ12 ዶሮ ሰባቱ ሞተውባታል። አምስቱ አቀርቅረዋል። ጎረቤቷ መጥታ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይሞቱ አውጥተሽ ሽጫቸው እንጂ!» ትላታለች። እናቲቱም ሌሊት ተነስታ አምስቱን አስራ ገበያ ትወስዳቸዋለች። በርካሽ ትሸጣለች። የልጇ ደብተር ተገኘ። እኔ በዚህች እናት ላይ አልፈርድም። ቸግሯት ነው። ነገር ግን የገዛቻትስ ማን ናት? እሷም ሌላ እናት ናት። ዶሮዋን ይዛ ወደ ሌላ ቀበሌ ትሄዳለች። በሳምንቱ የዚያ መንደር ዶሮ በሙሉ ያልቃል። ከወር በኋላ ደግሞ የመጀመሪያይቱ እናት አዲስ ዶሮ ለመግዛት ገበያ ትወጣለች። ከዚያው መንደር የመጣች፣ አቀርቅራ የተሸጠች ዶሮ ገዝታ ትመለሳለች። በሽታው እንዲህ እየዞረ ይኖራል። እኛው ነን ተሸክመን የምናዞረው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለታመመች ዶሮ መድኃኒት የለም። ነጭ ሽንኩርት የሚያጎርስ አለ፤ ሎሚና አረቄ የሚያጠጣ አለ። ለሰው የሚታዘዝ የቴትራሳይክሊን ክኒን ፈትቶ የሚሰጥም አለ። ይህ ክኒን ቫይረስን አይነካም። «እኔ ሰጥቻት ድናለች» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ጥቂት ዶሮ ራሷን ችላ ትተርፋለች። ያተረፋት ግን ክኒኑ አይደለም። ከፈንግል የተረፈች ዶሮ በሽታውን የመቋቋም ኃይል ስለሚኖራት አትሽጧት፤ ለዘር አቆዩአት። የሞተውን አርቃችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ። ለውሻ አትጣሉ። ወንዝ ውስጥም አትጨምሩ። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ፈንግልን የሚያስቆመው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። አንዱ ዓይነት በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ ሌላው በዓይን ይንጠባጠባል። ለአንዲት ዶሮ አንድ ጠብታ ነው። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ መሮጥ አይጠቅምም። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የካቲት ላይ ማሰብ ይገባል።

ከፈንግል ሌላ ባለጋራ አለ። ጭላት ቀን ይመጣል፤ ሸለምጥማጥ ሌሊት ይመጣል። ለጭላት ዋናው ዘዴ ጊዜ መምረጥ ነው። እናቶቻችን ጫጩት የሚያስፈለፍሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ትክክል ናቸው። ክረምት የተፈለፈለ ጫጩት ብርድና ጭቃ ይፈጀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩቶቹን በተንጣለለ ቅርጫት ከድኖ፣ ውኃና ጥሬ እዚያው መስጠት ብዙ ያተርፋል። ለሸለምጥማጥ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ፣ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ የሌለው ቆጥ ያስፈልጋል። አነርም ሆነ ጥርኝ ክፍት ካገኘ አይምርም። ጥርኝን ግን ሁሉም ሰው እንደ ሌባ ብቻ አያየውም። በጅማ በኩል ዝባዱን ለማውጣት ቤት ውስጥ የሚያኖሩት ገበሬዎች አሉ። ዝባዱ ለሽቶ ይሸጣል። የአንዱ ሌባ ለሌላው ላም ነው እንግዲህ!

ዝንጀሮና ጦጣ ዶሮ ሳይሆን በቆሎ ነው ጉዳያቸው። በቆሎው ሲያሽት ጠባቂ ማማ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የትምህርት መጀመሪያ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ቀን የቀረ ልጅ ከጓደኞቹ ወደኋላ ይቀራል። አምስት ማሳ ጎን ለጎን ካለ አምስት ልጅ ከትምህርት የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? አዋቂዎች ተራ ብትገቡ ሁሉም ይማራል። ጉሬዛን ግን ከዝንጀሮ ጋር አትደምሩት። በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭልሞ ደን የሚታየው ይህ ጥቁርና ነጭ እንስሳ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው።

ስለ ድመት አንድ ቃል። ድመት ያለበት ቤት አይጥ ጎተራ አይደፍርም። የአይጥ መርዝ ግን ድመቷንም ይገድላል። መርዝ የበላችውን አይጥ ስትበላ አብራ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ አይጡ በእጥፍ ይመለሳል። ዶሮዎቻችሁንም ከተቀባ ዘር ጠብቁ። ከሱቅ የሚገዛ የበቆሎ ዘር ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት የታሸ፣ ቀለሙ የተለወጠ ነው። ከመዝራት የተረፈውን ለዶሮ መበተን ለዶሮዋም፣ ሥጋዋን ለሚበላውም አደጋ ነው።

አሁን ደግሞ ከዶሮ የከበደ ነገር እንናገር። የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ውሻ ባይኖር ጅብ ጥጃ አያስተርፍልንም ነበር። ስለዚህ ውሻ ጠላታችን አይደለም። ነገር ግን በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ልክፍት ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። ውሻው ጠባዩ ይለወጣል። ዝም ያለው ይናከሳል፤ ተናካሹ ደግሞ ጥግ ይይዛል። ለሃጩ ይዝረከረካል። ድምፁ ይጎረንናል። ቀበሮም ሆነ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ ግቢ ከገባ በዚሁ በሽታ ይጠርጠር። ልጆች አይቅረቡት።

ልጅ ተነክሶ ሲመጣ በብዙ ቤት የሚደረገው ምንድን ነው? ቁስሉ በጨርቅ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይኬዳል። አንዳንዱ ቅጠል ያጠጣል፤ አንዳንዱ ቁስሉን ይተኩሳል። «እገሌ ጠጥቶ ድኗል» ይባላል። ይህን አባባል ረጋ ብለን እንመርምረው። የነከሰው ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም። ስለዚህ ከጠጡት መካከል ቀድሞም የማይታመሙ ነበሩ። በሽታው ወደ አንጎል የደረሰበት ሰው ግን፣ ውኃ መፍራት የጀመረው ማለት ነው፣ በቅጠልም በሐኪምም አይድንም ማለት ይቻላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ዘግይቶ ይመጣል። ቁስሉ ደርቆ፣ ነገሩ ተረስቶ፣ ልጁ ከብት ሲያግድ ቆይቶ ነው የሚታመመው። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው።

የተነከሰ ሰው ወዲያው፣ እዚያው ቤት፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። ሰዓት የሌለው ሰው ሰነፍ ሆኖ እንዳያቆም፣ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ይጠብ። በጨርቅ አይጠፈር፤ አይተኮስ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም። «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ውሻውን ማሰር ከተቻለ ሳይገደል ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ። ከ10 ቀን በኋላ በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰበት ቀን በለሃጩ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የልጁ ሕክምና ግን እስከዚያ አይቆይም።

ይህን ክትባት ያገኘው ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 እብድ ውሻ የነከሰውን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። በአዲስ አበባም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የጤና ምርምር ቦታ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ነው። በመንደሩ ካሉት 10 ውሾች ሰባቱ ቢከተቡ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ያጣል። ሳይከተብ የሚዞር ውሻ ሰውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርቷል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈ ይኸው በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል።

«ለጅብ መርዝ እናድርግለት» የሚል ሐሳብም ይነሣል። መርዝ የተደረገበትን ሥጋ ጅቡ ብቻ አይበላውም። የራሳችሁ ውሻ ይበላዋል። ጥንብ አንሳም ይበላዋል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ከሕንድ እንማር። በዚያ አገር ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ፣ ለከብት በሚሰጥ አንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳ ሊያልቅ ደረሰ። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ። ውሻ በጥንቡ ተራባ። የተነካሹም ሰው ቁጥር አብሮ ጨመረ። ከብት ሲታረድም በጉበትና በሳንባ ላይ የሚገኘውን የውኃ ከረጢት የመሰለ እብጠት ለውሻ አትጣሉለት። ውስጡ የትል ዘር አለ፤ በውሻው በኩል ተመልሶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። ቅበሩት።

ስለ ክትባቱ ቀን አንድ ነገር ቀረኝ። የዶሮ ክትባት የሚመጣው በትንሽ ጠርሙስ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ፣ ለ50 ወይም ለ100 እና ከዚያም በላይ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ብዙ አይቆይም። ለሦስት ዶሮ ተብሎ አይከፈትም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ጎረቤታሞች ተሰብሰቡ። ከመካከላችሁ ማንበብ የቻለች አንዲት እናት ደብተር ትያዝ። የየቤቱን ስምና የዶሮውን ቁጥር ትጻፍ። ድምሩን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ሂዱና ቀን አስቆርጡ። በዚያ ቀን ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ገና ሳይነጋ በሩ ይዘጋ፤ ከወጡ በኋላ ዶሮ ማባረር የቀን ሥራ ይሆናል። ባለሙያው ጠርሙሱን ሲያወጣ «አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን» የሚለውን ራሳችሁ አንብቡ፤ ባለሙያው አይቀየማችሁም። ደብተሩ ላይ የተከተቡበትን ቀን ጻፉ። በዓይን የሚሰጠው ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ስለሚደገም፣ የሚቀጥለውንም ቀን አጠገቡ ጻፉ።