ያልተጻፈችው ቢጫ ካርድ

(በአንዋር መስጊድ ሰፈር ለተሰበሰቡ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ኳስ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ስለ ኳስ የማይናገር ሰው የለም። ከአንዋር መስጊድ በር ተነስታችሁ እስከ ራጉኤል ድረስ ሻይ ቤቱን ሁሉ ብታዳርሱ ክርክሩ አንድ ነው። "ጊዮርጊስ ስንት ዋንጫ አለው?" "የአፍሪካን ዋንጫ የበላነው በ54 ነው በ62?" ድምፅ ይነሳል፣ ውርርድ ይያዛል፣ ተኳርፎ የሚለያይም አለ። እኔ ዛሬ ለማንም ልፈርድ አልመጣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ደብተሩ የታለ?

ደብተር ምን እንደሆነ ለመርካቶ ሰው አይነገርም። ዱቤ ሰጥቶ ያልጻፈ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል። የዕቁብ ጸሐፊ የአንድ ሰው ስም ቢዘል ዕለቱን ሰፈሩ ይታመሳል። ታዲያ ለሳምንት ዕቁብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች የአገር ስም ያለበትን ጨዋታ ለምን በቃል ብቻ እንይዘዋለን?

እስቲ ክርክሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። በ54 የሚለውም በ62 የሚለውም ልክ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1962። አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን። በመደበኛው ሰዓት ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ጨመርንባቸው። "አራት አገር ብቻ የተወዳደረበት ምን ዋንጫ ነው?" የሚል አለ። አራት መሆናቸው እውነት ነው፣ ይጻፍ። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ጠራርጋ የወሰደች መሆኗም ይጻፍ። በ1949 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ለፍጻሜ ደረስን እያልን የምንፎክረውም ይጻፍ፤ ግን ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ በመውጣቷ ሳንጫወት ማለፋችን፣ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 መሸነፋችን አብሮ ይጻፍ። መዝገብ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ አይጽፍም።

ሌላም አለ፣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራው። የ54ቱ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም እዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። በፍጻሜው ሁለቱም ወንድማማቾች፣ ግርማ ተክሌና የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተዋል። "ታዲያ ዋንጫው የእኛ ነው የእነሱ?" ይባላል ዛሬ። ፖለቲከኛ ድንበር ሊያሰምር ይችላል፤ መረብ የነካችን ኳስ ግን አውጥቶ ለሌላ ሊሰጥ አይችልም። አራቱም ለአንድ ማሊያ አገቡ፤ እንደዚያው ይጻፍ።

የክለቡም ጠብ ከዚሁ የመጣ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብቻ ከቆጠርክ ጊዮርጊስ እስከ 2015 ድረስ 16 ጊዜ በልቷል። ከድሮው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ጀምረህ ከቆጠርክ ግን ከ30 ያልፋል። ቡናም ከ1990 ወዲህ ያለው የ2003ቱ አንድ ነው፤ የ1989ኙ ሲጨመር ሁለት ይሆናል። አያችሁ? ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ። የተጣሉት ከየት እንደሚቆጠር ወስኖ የሚነግራቸው ስለጠፋ ነው።

"ይህ የሻይ ቤት ወሬ ነው፣ ማንን ይጎዳል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። 2005 ዓ.ም.ን አስታውሱ! በዚያ ዓመት ጥር ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰናል። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን እዚሁ አዲስ አበባ 2 ለ 1 ደገምን። 13 ነጥብ! ምድቡን ጨረስነው ብለን ከተማው በጭፈራ ሲናጥ መርዶው በዚያው ዕለት መጣ። ለካስ ቦትስዋና ላይ የተሰለፈ አንድ ተጫዋች በቀደሙት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት፤ መሰለፍ አልነበረበትም። ተጫዋቹ ምን ያድርግ? ካርዱን መቁጠር የቢሮ ሥራ ነው። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አምኗል። ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጥሮ 3 ነጥብ ተነጠቅን። ያለቀው ነገር እንደገና ተከፈተ፤ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ድረስ ሄደው ልጆቹ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ባያሸንፉ ኖሮ እዚያው ቀርተን ነበር። ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ጥሎ ማለፍ የደረስነው በልጆቹ እግር እንጂ በቢሮው ብዕር አይደለም። ሀያ ሁለት እግር የሮጠበትን አንድ ያልሠራ እስክሪብቶ ሊያፈርሰው ነበር!

አንድ ልጨምርና ልጨርስ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። በመዝገቡ ላይ "በሜዳዋ" ይላል። ሜዳው የት ነበር? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ለጨዋታው የሚበቃ ስታዲየም አገር ውስጥ ስለታጣ። በ54 አባቶቻችን ግብፅን አዲስ አበባ ላይ ሲያሸንፉ ከመርካቶ ሰው በእግሩ ሄዶ ማየት ይችል ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ የእኛ ልጆች "የሜዳቸውን" ድል በቴሌቪዥን አዩት። ይህም ይጻፍ። ውጤቱ ብቻ ከተጻፈ የልጅ ልጆቻችን ሁሉ ነገር ደህና ነበር ይሉናል፤ ተጠያቂውም ያመልጣል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ፌዴሬሽኑ የድሮውንም የአሁኑንም መዝገብ አውጥቶ ለሕዝብ ያሳትም፤ ዋንጫው ከየት እንደሚቆጠር በግልጽ ይናገር። እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ፣ ፎቶግራፍ፣ የመግቢያ ቲኬት ያላችሁ እንዳትጥሉት፤ ለስኳር መጠቅለያም እንዳይሆን። ስታዲየም ገብተው ያዩትን አባቶች ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ቀኑንም አትርሱ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።