ሥነ ሕይወት ከመስኖ ቦይ ዳር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ የመስኖ ቦይ በወረቀት ላይ ሲነደፍ የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። በሰከንድ ስንት ሊትር ውኃ ያልፍበታል? የመሬቱ ተዳፋት ምን ያህል ነው? ግድግዳው አፈር እንደሆነ ይቅር ወይስ በሲሚንቶ ይለበስ? ወጪውስ? ለእነዚህ ሁሉ ቀመር አለ፤ መልሱም በቁጥር ይወጣል። ነገር ግን ቦዩ ተቆፍሮ ውኃ በገባበት በጥቂት ወራት ውስጥ በንድፉ ላይ ያልተጻፉ ነዋሪዎች ይሰፍሩበታል። በመጀመሪያ አረንጓዴ ሽበት፣ ቀጥሎ ሣርና ቄጠማ፣ ከዚያም ቀንድ አውጣ፣ በመጨረሻም ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና የሚዋኙ ሕፃናት ይመጣሉ። ውኃ እንዲያስተላልፍ የተሠራው ቦይ የሕያዋን መንደር ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ጥቂት የሥነ ሕይወት መሠረተ ሐሳቦችን፣ ይኸውም ሕዋስን፣ መራባትን፣ ጥገኝነትንና የሕያዋንን መተሳሰር፣ ከዚሁ ቦይ ዳር ሆኖ ማስረዳት ነው። ምሳሌ ይሆን ዘንድ የተመረጠው ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ ሐኪም ብቻውን የማይጨርሰው፣ መሐንዲስም ሳያውቅ ሊያስፋፋው የሚችል በመሆኑ ለዚህ ጉባኤ የተገባ ርእስ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕዋስና ገለፈቱ

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎችን አየ። ‹‹ሴል›› ብሎም ሰየማቸው፤ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። በአማርኛ ሕዋስ የሚባለው ይኸው ነው። ሁክ ያየው ግን የሞተውን የዕፅ ሕዋስ ግድግዳ ብቻ ነበር። ዕፅዋትም እንስሳትም በሙሉ ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን ማቲያስ ሽላይደንና ቴዎዶር ሽቫን የተባሉ ጀርመናውያን በ1838 እና በ1839 አስታወቁ። በ1855 ደግሞ ሩዶልፍ ቪርኾ ማንኛውም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ፣ እንዲያው ከምንም እንደማይበቅል አጥብቆ አስገነዘበ።

ሕዋስን በጡብ መመሰል የተለመደ ነው፤ ምሳሌው ግን ጎዶሎ ነው። ጡብ አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ ሌላ ጡብም አይወልድም። ሕዋስ ይልቁንስ ሙሉ ጓዳና አጥር ያለው ቤት ነው። ምግብ ያስገባል፤ ምግቡን አፍርሶ ጉልበት ያወጣል፤ ጥራጊውን ይጥላል፤ የዘሩን መመሪያ በውስጡ ይዞ ለልጆቹ ያወርሳል። አንዳንዱ ፍጡር በአንድ ሕዋስ ብቻ ይኖራል። የሰው ገላ ግን በሠላሳ ትሪሊዮን ገደማ በሚቆጠሩ ሕዋሳት የተዋቀረ ነው።

የዚህ ቤት አጥር ገለፈት ይባላል። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ሺህ ቢከፈል ከሚገኘው እንኳ አይበልጥም። የተሠራውም በአመዛኙ ከቅባት ነው። እያንዳንዱ የቅባት ቅንጣት ሁለት ጠባይ አለው፤ ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውኃ ይሸሻል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ በሁለት ረድፍ ጅራት ለጅራት ገጥመው፣ ራሳቸውን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ውኃ አዙረው ይሰለፋሉ። ይህ ስስ አጥር እስካለ ድረስ የውስጡ ከውስጥ፣ የውጩም ከውጭ ይሆናል። አጥሩ በተበሳ ጊዜ ሕዋሱ ይሞታል። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ከአድማጭ ልብ እንዳይጠፋ።

ሁለት ቤት ያለው ትል

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እርሱም በ1851 ካይሮ ውስጥ የሰው ሬሳ ሲመረምር ትሉን በደም ሥር ውስጥ አገኘው። ትሉ ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ግን ለብዙ ዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። በ1915 ሮበርት ሌይፐር በግብፅ ባደረገው ጥናት ቀንድ አውጣ በመካከል እንዳለበት አስረዳ።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ወንዞች በብዛት የሚገኘው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የተባለው፣ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት ነው። ወንዱ ትል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሴቲቱ ቀጭን ስትሆን በወንዱ ገላ ላይ ባለው ቦይ መሰል እጥፋት ውስጥ ተሸጉጣ ትኖራለች። ጥንዶቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቲቱ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ከእነዚህ ከፊሎቹ የአንጀትን ግድግዳ ሰንጥቀው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። የቀሩት በጉበትና በአንጀት ሥጋ ውስጥ ይቀረቀራሉ። ሰውን የሚያሳምመው በዋናነት ትሉ ራሱ አይደለም፤ ገላ እነዚህን የተቀረቀሩ እንቁላሎች ለመክበብ ሲታገል የሚፈጠረው ቁስልና ጠባሳ ነው። ጠባሳው ሲበዛ ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ ይሳነዋል፤ ሆድ ይነፋል፤ የጉሮሮ ደም ሥሮችም ተወጥረው እስከ መፈንዳት ይደርሳሉ።

ከሰው የወጣው እንቁላል ውኃ ካገኘ ይፈለፈላል። ሚራሲድየም የሚባለው እጭ በጥቃቅን ፀጉሮቹ እየቀዘፈ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። አፍ ስለሌለውና የሚኖረው በያዘው ስንቅ ብቻ ስለሆነ የዕድሜው ልክ ሰዓታት ናቸው። የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በሥጋው ውስጥ ገብቶ ያለ ወንድና ያለ ሴት እየተከፋፈለ ይበዛል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንዲት ቀንድ አውጣ ሰርካሪያ የተባሉ ባለ ጭራ እጮች በሺህ እየተቆጠሩ ይወጣሉ። የሚወጡትም በብርሃን ነው፤ ይኸውም ሰው ወደ ውኃ በሚወርድበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰርካሪያው የሰው ቆዳ ሲያገኝ ጭራውን ጥሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ያላገኘው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት መሠረታዊ ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው ሁለቱ የመራባት መንገዶች ናቸው። በሰው ውስጥ ወንድና ሴት ተገናኝተው ዘራቸውን ያቀላቅላሉ፤ በዚህም ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸው ልጆች ይገኛሉ። በቀንድ አውጣው ውስጥ ግን ያለ ግንኙነት በመከፋፈል ብቻ ብዛት ይገኛል። አንዱ መንገድ ለልዩነት፣ ሌላው ለብዛት ያገለግላል። ሁለተኛው ትምህርት ለመሐንዲስ ይበልጥ ይጠቅማል። ትሉ በሰው ገላ ውስጥ እንቁላል ይጥላል እንጂ አይባዛም። በአንድ ሰው ደም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትል አንድ ጊዜ በቆዳው በኩል ከውኃ የገባ ነው። ስለዚህ የበሽታው ክብደት ሰውየው ከተበከለ ውኃ ጋር በተገናኘበት መጠን ይወሰናል። ግንኙነቱ በተቀነሰ ቁጥር፣ ፈጽሞ ባይቋረጥም እንኳ፣ ጥቅም አለው።

ግድቡ የቀየረው መንደር

ትሉን የሚያስተናግደው ቀንድ አውጣ ቢዮምፋላሪያ ይባላል። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም በመሆኑ አንዲት ብቻዋን የገባች ቀንድ አውጣ መንደር ልትመሠርት ትችላለች። የሚመቻት የረጋ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውኃ፣ ሣርና ጭቃ ያለበት ዳርቻ ነው። ካለችበት ቦታ ላይ የውኃው ፍጥነት በሰከንድ ከአንድ ሜትር ሲሶ ሲያልፍ መቆናጠጥ ይቸግራታል። በጎርፍ የሚጠረግና በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አይስማማትም። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሚይዝ፣ ዳሩ የተሸረሸረና ሣር የበቀለበት ቦይ ግን ምቹ ቤቷ ነው። በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ቢልሃርዚያ በመስኖው ቦዮች አማካይነት ሥር መስደዱን ጥናቶች አሳይተዋል።

ከዚህ የከፋው ምሳሌ በሴኔጋል ይገኛል። በ1986 በሴኔጋል ወንዝ አፍ አጠገብ የዲያማ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ዓላማው መልካም ነበር፤ በበጋ የባሕር ጨው ወደ ወንዙ እንዳይዘልቅና ሩዝና ሸንኮራ በመስኖ እንዲለሙ ነው። ግድቡም የታሰበለትን ሠራ። ነገር ግን ጨው የማይወደው ቀንድ አውጣ ጨዋማነቱ የቀነሰውን ውኃ አገኘ። ቀንድ አውጣ የሚበሉት የወንዝ ሽሪምፖች ደግሞ ለመራባት ወደ ባሕር መውረድ ስላለባቸው መንገዳቸው ተዘጋ። በ1988 የአንጀት ቢልሃርዚያ ሪሻር ቶል በተባለች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በጥቂት ዓመታትም አብዛኛውን ነዋሪ አዳረሰ።

በዚህ ግድብ ላይ የተሳሳተ የኮንክሪት ስሌት አልተገኘም። የተዘነጋው የሕያዋን መተሳሰር ነው። ሽሪምፕ ቀንድ አውጣን ይበላል፤ ቀንድ አውጣ ትሉን ያሳድጋል፤ ትሉ በሰው ይኖራል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱን የነካ ሁሉንም ነክቷል።

የአድዋ እናቶች ሳሙና

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አገኙ። ነጠላና ጋቢ ለማንጣት ከጥንት ጀምሮ የሚያገለግለው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ በሳይንስ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ቀደም ሲል ከተነገረው ገለፈት ጋር ይገናኛል። እንዶድ ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። የሳፖኒን ቅንጣትም ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ቅባት ይወዳል። ለዚህ ነው አረፋ የሚያወጣውና የልብስን ቅባት ነቅሎ ወደ ውኃ የሚወስደው። ይኸው ጠባይ በሕዋስ ላይ ሲያርፍ በገለፈቱ ካለው ኮለስትሮል ጋር ይጣመርና አጥሩን ይበሳዋል። ልብስን የሚያነጣውና ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኀይል አንድ ነው ማለት ነው። ከእንዶድ ከተለዩት ንጥረ ነገሮች አንዱ በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተብሏል።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ወንዙ በእንዶድ ከታከመ በኋላ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ እንዶድን እንደ ሁሉ ፈዋሽ ማየት ስሕተት ይሆናል። ገለፈት የሌለው ሕያው ስለሌለ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣን እንቁላል በተለመደው መጠን አያጠፋም። ውኃ ውስጥም ቶሎ ስለሚፈርስ፣ ይህ ለአካባቢው በጎ ቢሆንም፣ ሥራው በየጊዜው መደገም አለበት። ከሞት የተረፉ ጥቂቶች መንደሩን መልሰው ይሞሉታልና።

ሰንሰለቱን የት መቁረጥ?

የትሉ ኑሮ በአራት ቀለበቶች የተያያዘ ነው፤ ከሰው ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ደም ሥር። የመጨረሻውን ቀለበት ሐኪም ይቆርጠዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ያደጉትን ትሎች ይገድላል። ነገር ግን ጧት መድኃኒቱን የዋጠ ልጅ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቦይ ቢዋኝ አዲስ ሰርካሪያ እንዳይገባበት መድኃኒቱ አይከለክልም።

የቀሩት ሦስት ቀለበቶች በመሐንዲስ እጅ ያሉ ናቸው። መጸዳጃ ቤት ያለው የሠራተኛ መንደር እንቁላሉን ከውኃ ይለየዋል። ተዳፋቱ የተስተካከለ፣ በሲሚንቶ የተለበሰ፣ ሣሩ የሚታጨድና በየተራ የሚደርቅ ቦይ ቀንድ አውጣን ቤት ያሳጣዋል። በቦዩ ላይ የሚዘረጋ መሻገሪያ ድልድይ፣ ከቦዩ የራቀ የልብስ ማጠቢያና የንጹሕ ውኃ ቧንቧ ደግሞ ቆዳን ከሰርካሪያ ያርቃሉ። እነዚህ ሁሉ አዲስ ጥበብ አይጠይቁም፤ ወጪ ግን ይጠይቃሉ። ወጪ በሚቀነስበት ጊዜ በመጀመሪያ ከንድፉ ላይ የሚሰረዙትም ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ድልድዩ ሲሰረዝ ልጁ መሻገሩን አይተውም፤ በእግሩ ገብቶ ይሻገራል። የተሰረዘው ሒሳብም አይጠፋም፤ ከእርሻው መዝገብ ወደ ጤና ጣቢያው መዝገብ፣ ከዚያም ወደ ልጁ ጉበት ይዛወራል።

ይህ ሲባል መስኖ ይቅር ማለት አይደለም። የተራበ ሕዝብ ውኃውን ይፈልጋል፤ እህል የሌለበት ጤናም የለም። የሚጠየቀው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለውን የአባቶች ምክር በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ማዋል ብቻ ነው። የውኃው መጠን፣ ተዳፋቱና ወጪው ከተሰሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ሊጨመር ይገባል፤ በዚህ ውኃ ውስጥ ማን ይኖራል? ይህ ጥያቄ ቀመር የለውም። መልሱን የሚያውቀው የሥነ ሕይወት ባለሙያና ልብስ የሚያጥቡት የቦዩ ዳር ሴቶች ናቸው፤ እነርሱንም ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።