ለአዲስ ጫጩቶች ደህና የሆነውን የመመገቢያ ዕቃ ስለ መምረጥ የተደረገ ንግግር



ከመተማ ተነሥቶ ጋላባትን አልፎ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ቆላ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ በመኪና የሚታረሰው ሰፊ እርሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት ከተጀመረ ወዲህ፣ ያ አውራጃ የሱዳን የማሽላ ጎተራ ሲባል ኖሯል። እህል በበዛበት አገር ዶሮ ማርባት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እህሉ ሳይጎድል ጫጩቱ የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው። ለዚህም ፈንግልና ጭልፊት ይወቀሳሉ፤ መኖውና ውሃው የሚቀርብበት ዕቃ ግን ሳይመረመር ይቀራል።

ይህ ወሰን ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ የተሻገረበት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፈሩ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙዎች ወደ መተማ ተሻገሩ። ኑሮውን እንደገና ለሚጀምር ቤተ ሰብ ላም መግዛት ሩቅ ነው፤ አንዲት ታቃፊ ዶሮ ግን በ21 ቀን ጫጩቶቿን ትፈለፍላለች። ከእነዚህም ውስጥ የሚተርፉት ለልጆች እንቁላል፣ ለጨውና ለመድኃኒት መግዣ ይሆናሉ። ስለዚህ የአንድ ጣሳ ስለት ወይም የአንድ ሳህን ጥልቀት ተራ ነገር ተብሎ አይናቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዕቃው ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ነው። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ጣሳ፣ ጀሪካን ወይም በርሜል ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለእንስሳም ለሰውም አይሆንም። እንደዚሁም ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ፣ ብዙ ጊዜም ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ማሽላ ለዶሮ መኖ ሊሆን ከቶ አይገባም፤ መርዝ ነውና። የዛገ ቆርቆሮና አሮጌ ቀለሙ የሚላጥ ዕቃም መጣል አለበት።

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ጠርዙ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ሳህን ወይም ንጹሕ የካርቶን ክዳን ይበቃል። ጫጩት ምግቡን ፈልጎ የሚያገኘው በዓይኑ ስለ ሆነ መኖው ግልጽ ሆኖ መታየት አለበት። ሆኖም በሚያንሸራትት ወረቀት ላይ ማቆም እግሩን ወደ ጎን እያስከፈተ ያሰነክለዋል፤ ሻካራ ነገር ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ገንዳ ይዘጋጃል። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮ ሊሠራ ይችላል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ግን ተጣጥፎ መመታት አለበት፤ አለዚያ አንገትና እግር ይቆርጣል። ለአንድ ጫጩት 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ በሁለቱም ጎን ሲበላበት 48 ጫጩቶችን ያስተናግዳል። ቦታ ሲጠብ ጠንካራው ይበላል፤ ደካማው እየተገፋ ይከሳል። ከገንዳው በላይ የሚሽከረከር በትር ቢደረግ ጫጩት ሊቆምበት ሲሞክር ይዞርበታል፤ በዚህም መኖው ከኩስ ይጠበቃል። የገንዳው ከንፈር ከጫጩቱ ጀርባ ጋር እኩል እንዲሆን ጫጩቱ ባደገ ቁጥር ከፍ ይደረጋል። መኖውም ከገንዳው ሲሶ በላይ ባይሞላ ብክነቱ ይቀንሳል።

ኩስ ወደ መኖ መግባቱ የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በኩስ ነው፤ ተሐዋስያኑም ለመጠንከር እርጥበት፣ ሙቀትና አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት ሁሉም ስለሚገኝላቸው ዕቃውን በየቀኑ አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ የረጠበውንም ጉዝጓዝ ማንሣት የግድ ነው። በገንዳው ጥግ ተጣብቆ የሻገተ የማሽላ ዱቄት ወይም ፋጉሎም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል፣ ትናንት የተረፈው ተጠርጎ ሳይጣል የዛሬው አይጨመርበትም።

የውሃው ዕቃ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በጥልቅ ሳህን የሚሰምጠው ጫጩት ብዙ ነው፤ የረጠበውም በሌሊት ብርድ ይሞታል። በሳህኑ ውስጥ ንጹሕ ጠጠር ቢደረደር መንቆሩ ሲደርስ አካሉ አይገባም። የተሻለው ግን እንዲህ ነው፤ የምግብ የነበረበት ንጹሕ ጣሳ ከአፉ አጠገብ በጎኑ በምስማር ይበሳል፤ ውሃ ተሞልቶ በጠባብ ከንፈር ሳህን ላይ ይደፋል። ቀዳዳው ከሳህኑ ከንፈር ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ውሃው ቀዳዳውን እስኪሸፍን ወጥቶ ይቆማል፤ ጫጩቶቹ በጠጡ ቁጥር እንደገና ይወጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩር ጊዜ በጥላ ሥር መቀመጥና በቀን ብዙ ጊዜ መቀየር አለበት።

ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጋር የሚኖሩ ከሆነ፣ ጫጩት የሚያሳልፍ ዶሮ ግን የማያሳልፍ ክፍተት ያለው ቅርጫት ተደፍቶ መኖው በውስጡ ይቀመጥ። ማሽላውም ጫጩቱ እንዲውጠው ተከክቶ ከሰሊጥ ፋጉሎ ጋር ቢቀላቀል ጥሩ ነው። ሆኖም ደህና ዕቃ ፈንግልን አያስቆምም፤ ለእርሱ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው።

በመጨረሻም የአስተዳደር ሠራተኞች ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። የተባይ ማጥፊያ ባዶ ዕቃ በገበያ የቤት ዕቃ ሆኖ እንዳይሸጥ መከልከል፣ በየእርሻው የተጣለውም ተበስቶ እንዲሰበሰብ ማድረግ የእነርሱ ፈንታ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚሄደው ግን ከተፈለፈለ በኋላ የሚጠብቀው ሲያገኝ ነው።