ነፋስ ልቀበል

ያለ ጉዳይ ወጣ ብሎ ለመራመድ አማርኛችን ሁለት ደህና አባባሎች አሉት፤ «እግሬን ላፍታታ» እና «ነፋስ ልቀበል»። ሁለቱም የሚሄዱበትን አይናገሩም። ነፋስ ልቀበል ብሎ የወጣ ሰው ሲመለስ «የት ነበርክ?» ቢሉት «እዚሁ» ይላል፤ ማንም አይጠረጥረውም። «ጉብኝት» ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ድሮ የሚጎበኘው ሰው ነበር፤ የታመመ፣ የወለደች፣ ሐዘን የተቀመጠ። ዛሬ የምንጎበኘው ሐውልት፣ ፏፏቴና ሐይቅ ሆኗል። ስለዚህ ለሁለት ቀን የት እንሂድ ስንባባል ቀድሞ የሚመጣው «እዚያ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለእኔ ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ዘና ለማለት ለወጣ ሰው ከሚታየው ነገር ይልቅ የከተማው ልክ ይበልጥበታል፤ መጠየቅ ያለበት «ከተማው በእግር ያልቃል ወይ?» ነው። ምስክር አድርጌ የምጠራው ጌዶን ነው፤ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሁሉ በመስኮት አይቷት የሚያልፋትን ጌዶ።

የዕረፍት ከተማ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ባሕር ይሮጣል። እኛ ደግሞ ኤርትራ ከተለየች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም፤ ምጽዋን በወጣትነቱ ያየ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ግን ምጽዋ ደስ የምትለው ለምን ነበር? ሙቀቷ የሚወደድ አይደለም። አሮጌዋ ምጽዋ ደሴት ናት፤ ከየብስ የምትገናኘው ውኃ ላይ በተሠራ መንገድ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ጥቂት ቆይቶ ውኃው ያስቆማችኋል፣ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ፣ ያንኑ ቡና ቤት እንደገና ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ባሕሩ ለመንገደኛው ከዋለለት ውለታ ትልቁ ከተማዋን ልክ ማስያዙ ነው። ይህን ውለታ ግንብም ይውላል። ሐረር ጀጎል አንድ ጠብታ ባሕር ሳይኖራት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲዞርባት የሚውለው በግንብ የታጠረችው ከተማ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ስለሆነች ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ሰው የጠፋበት ፍርስራሽ መዘገበ ማለት አይደለም፤ ዛሬም ሰው የሚኖርባትን፣ በእግር የሚዳረሱባትን ከተማ ነው። ጣሊያኖችም የልክን ነገር ሕግ አድርገውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 አራት ትናንሽ ከተሞች የዝግተኛ ከተሞች ማኅበር መሠረቱ፤ ከአራቱ አንዷ ፖዚታኖ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት፣ ሦስቱ ግን መሀል አገር ናቸው። አባል ለመሆን የባሕር ዳርቻ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የነዋሪው ቁጥር ከ50,000 በታች መሆኑ ነው። ምልክታቸው ቀንድ አውጣ ነው፣ እሱም ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ አይቸኩልም።

ወደ ጌዶ እንመለስ። ጌዶ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ የጨሊያ ወረዳ ከተማ ናት። ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አልፎ ወደ ባኮና ነቀምቴ የሚሄደው አስፋልት ያልፍባታል፤ ወደ ፊንጫና ሻምቡ የሚገነጠለው መንገድም የሚጀምረው ከእሷ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናትና ፀሐይ ዘንበል ስትል ሹራብ ያስፈልጋል፣ ማታ ጋቢ። እዚህ ውኃም ግንብም የሚሠሩትን ሥራ የሚሠራው እርሻው ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጎን የታጠፈ ሰው በቆርቆሮ ክዳኖቹ መካከል ሲያዘግም ብዙም ሳይቆይ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ማሳ ይቀበለዋል፤ ከተማው አለቀ። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማውን ዳር ለማየት ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል። ዋና ከተማችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» ስም አንዳንድ እሑድ መንገድ እየዘጋች ለእግረኛ የምትሰጠው ነገር በትናንሽ ከተሞች የጓሮ መንገድ ላይ በየቀኑ፣ ያለ አዋጅ አለ።

ባሕር ካነሳን ዘንዳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጉደር ላይ የምታዩት ወንዝ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ከዚያ ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። ባኮ አካባቢ ያለው ውኃ ደግሞ የጊቤ ነው፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ ይሆንና ቱርካና ሐይቅ ላይ ይቀራል። ጌዶ ያለችው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከፍ ባለው ደጋ ነው። ባሕር የላትም፤ በዚያ ደጋ በክረምት የሚወርደው ዝናብ ግን ግማሹ የሜዲትራኒያን፣ ግማሹ የቱርካና ዕጣ ነው። ይህን ለማወቅ አስጎብኚ አያስፈልግም፤ ዳገት ላይ ቆሞ ውኃው ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ነው።

«ታዲያ ውኃ ከተፈለገ የወንጪ ሐይቅ ቅርብ አይደለም?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ነው፣ የደንዲ ሐይቅም አለ። ወንጪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል፣ ከ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክቶችም አንዱ ነው። ይገባዋል፤ ሄዳችሁ እዩት። ግን ወንጪ የሚታይ ነገር ነው። የሚታይ ነገር ደግሞ መርሐ ግብር ያመጣል፤ በስንት ሰዓት እንውረድ፣ ጀልባው መቼ ይነሳል፣ ፎቶ ተነሳን ወይ። ይህ ሁሉ ደስታ ሊሆን ይችላል፣ ዕረፍት ግን አይደለም፤ ከሥራ ወጥቶ ሌላ ሥራ መግባት ነው። ምንም የሚታይ የሌለባት ከተማ መንገደኛዋን ከዚህ ግዴታ ነፃ ታወጣዋለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው። በትንሽ ከተማ ጠዋት በአንገት ሰላምታ ያለፋችኋት ባለ ሱቅ ከሰዓት በኋላ እንደገና ትገጥማችኋለች፣ ያን ጊዜ «ገና አልሄዳችሁም?» ትላለች። ሁለተኛው ሰላምታ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም። ጉብኝት ወደ ድሮ ትርጉሙ የሚመለሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የመንገዱ ነው። በከተማዋ መሀል የሚያልፈው አስፋልት ራሱ የእግረኛ ጠላት ነው፤ ሲኖትራክ በመሀል ይንጎማለላል፣ ባጃጅ በጎን ይሾልካል፣ የእግረኛው ድርሻ በቦይና በጎማ መካከል ያለችው ጠባብ መስመር ናት። በብዙ ትናንሽ ከተሞቻችን የቦዩ ክዳን እዚህ አለ፣ እዚያ የለም፤ መብራት ሲጠፋ መራመድ ድፍረት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አለ። ይህን አልክድም፣ እንዲያውም ለክርክሬ ይረዳኛል፤ ለእንደዚህ ዓይነት ከተማ ከሐውልትና ከትልቅ ሆቴል በፊት የሚያስፈልገው የተከደነ ቦይና አንድ ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው ማለት ነውና። አስተውላችሁ ከሆነ በብዙ ትናንሽ ከተሞቻችን ጎዳና ላይ ለእግረኛ መቀመጫ ያዘጋጀው ሊስትሮው ብቻ ነው። በርጩማዋ ዝቅ ያለች ናት፣ ላይዋ በጨርቅ ወይም በካርቶን ተሸፍኗል፤ አንድ እግራችሁን ሣጥኑ ላይ ሰቅላችሁ መንገዱን ስታዩ ብሩሹ ሣጥኑን ኳ ያደርጋል፣ እግር ቀይሩ ማለት ነው። ከተማን ቁጭ ብሎ ለማየት በጥቂት ብር የሚከራይ ብቸኛ ሰገነት እሱ ነው። ሲያልቅ ግን መነሳት አለባችሁ።

«በሌላው ችግር መዝናናት አይሆንም ወይ?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ጄሪካን ይዛ ውኃ ልትቀዳ የምትሄደው ልጅም፣ ከገጠር ቀበሌ ገበያ የሚመጣው ገበሬም በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ ነፋስ ሊቀበሉ ግን አይደለም። የእነሱን ድካም «ውብ የገጠር ሕይወት» ብሎ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ሆኖም አላፊው የሚተወው አቧራ ነው፤ አድሮ የሚራመደው የአልጋ፣ የምሳ፣ የሻይ፣ የሊስትሮ ይከፍላል፣ ገንዘቡም ከተማው ውስጥ ይቀራል። የጸጥታው ነገር ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ መንገዶች ላይ ችግር መኖሩን ሁላችንም ሰምተናል፤ የሰሞኑን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም። ዕረፍትን በጭንቀት የሚገዛ የለም።

መንገዱ ደህና ሲሆን ግን ለመጀመር ሁለት ቀን እንኳ አያስፈልግም። የአውቶቡሱ ሾፌር ለምሳ ጌዶ ላይ ቢያቆም ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ምግብ ቤቱ ይጋፋል። ሃያ ደቂቃ በዝግታ እርምጃ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሰባት መቶ ሜትር ሄዶ፣ ያንኑ ተመልሶ። ሽሮው ታዞ እስኪቀርብ ከአስፋልቱ ወደ ጎን መታጠፍ ይቻላል።