ውሃ፣ ተንና ሙቀት፦ ነባር የጭቃ ቤቶችን ለክረምት የማደስ ቅደም ተከተል



 ዛሬ የምናገረው ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች አይደለም። የምናገረው በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ስለሚገኙት በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ በቆርቆሮ የተከደኑ ቤቶች ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ እነዚህ ቤቶች በክረምት እንዲሞቁና እንዲደርቁ ለማድረግ የምንወስዳቸው እርምጃዎች ቤቶቹን ይጠብቋቸዋል ወይስ ያፈርሷቸዋል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በእርጥብ የአየር ጠባይ ውስጥ ያለ ነባር ቤት ሲታደስ ሦስት ሥራዎች በቅደም ተከተል ሊከናወኑ ይገባል፦ በመጀመሪያ ውሃን ማራቅ፣ ቀጥሎ ተንን ማስወጣት፣ በመጨረሻ ሙቀትን መያዝ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ለማሻሻል የወጣው ገንዘብ የቤቱን ዕድሜ ያሳጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም የነዋሪውን ጤና፣ እንዲያውም ሕይወቱን፣ አደጋ ላይ ይጥላል።

የአየር ጠባዩና የቤቱ አሠራር

አዲስ አበባ ሞቃት አገር በምንለው ቀበቶ ውስጥ ብትገኝም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ትጠፋለች፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ አየሩም ለቀናት በእርጥበት እንደተሞላ ይቆያል። ቅዝቃዜና እርጥበት አብረው የሚመጡበት ይህ ወቅት የቤት አሠራር ክፉኛ የሚፈተንበት ነው።

የጭቃ ቤት ይህን ፈተና የሚቋቋምበት የራሱ ጥበብ አለው። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በድንጋይ መሠረት መካከል ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት በተብላላ ጭቃ ይመረጋሉ። ከዚያም በቀጭን ጭቃ ይለሰናሉ። እንዲህ ያለው ግድግዳ እርጥበትን ይቀበላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መልሶ ይሰጣል። አይረጥብም ማለት አይደለም፤ የሚረጥበውን ያህል ይደርቃል ማለት ነው። የግድግዳው ዕድሜ የተመሠረተው በዚህ ሚዛን ላይ ነው። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አብስባሽ ፈንገስ አይነሣበትም። ሚዛኑ ሲዛባ ግን መጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ይሄዳል።

ሲሚንቶ የሚደብቀው

ሚዛኑን በብዛት የሚያዛባው ለማሻሻል ተብሎ የሚደረገው የሲሚንቶ ልስን ነው። ባለቤቱ ለምን እንደሚመርጠው መረዳት ያስፈልጋል። የጭቃ ልስን በየጊዜው እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ግን አንድ ጊዜ ተለስኖ የሚያበቃ ይመስላል። ከዚህም በላይ ሲሚንቶ የተለሰነ ቤት በጎረቤት ዓይን ከፍ ያለ ነው። ይህን ምኞት ማቃለል አይገባም፤ ሰው የሚያድሰው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ክብሩንም ነውና።

ችግሩ በቁሳቁሶቹ ጠባይ ላይ ነው። ጭቃና እንጨት ከእርጥበት ጋር ያብጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ቀጫጭን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። የክረምት ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ሲሚንቶው ከጭቃ ይልቅ ተንን አጥብቆ ስለሚይዝ የገባው ውሃ በቀላሉ አይወጣም። ላዩ በፕላስቲክ ቀለም ወይም በዘይት ቀለም ከተቀባ መውጫው ይብስ ይጠባል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ጠንካራ ነው፤ ከልስኑ በስተጀርባ ግን ጭቃው እንደራሰ ይቆያል፣ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም መኖሪያ ያገኛል። ጭቃ ሕመሙን በላዩ ያሳያል፤ ሲሚንቶ ሕመሙን ይደብቃል።

ይህ በጭቃ ቤት ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጹት የጎንደር አብያተ መንግሥት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲሚንቶና በአርማታ ከተጠገኑ በኋላ፣ ያ ጥገና እየተነሣ ወደ ኖራ እንዲመለስ መደረጉን ታስታውሳላችሁ። ኖራ ተንን ያሳልፋል፤ ከአሮጌው ግንብ ጋርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ለአብያተ መንግሥት የተቀበልነውን መርሕ ለተራው ሰው ቤት የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

ቅደም ተከተሉን መሳት ያስከተለውን ዋጋ ከእኛ እጅግ የበለጠ ሀብት ያላቸው አገሮችም ከፍለዋል። በብሪታንያ ከ1919 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው በመካከሉ ክፍተት የሌለው ድፍን ጡብ ወይም ድንጋይ ነው። እነርሱም እንደ ጭቃ ቤታችን እርጥበትን እየተቀበሉና እየሰጡ የሚኖሩ ናቸው። በእንግሊዝ ሰሜናዊ ምዕራብ በምትገኘው በፕሬስተን ከተማ፣ ፊሽዊክ በተባለ ሰፈር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ300 በላይ ቤቶች በውጭ ግድግዳቸው ላይ በተለምዶ ኢንሱሌሽን የምንለው የሙቀት መከላከያ ተለጠፈላቸው። ዓላማው በጎ ነበር፤ ሆኖም በመስኮት ዳርቻ፣ በጣራ ክፈፍና በአሸንዳ መጋጠሚያ ላይ የተሠራው ሥራ ጉድለት ስለነበረበት ዝናብ ከመከላከያው ጀርባ ገባ። መውጫ አጥቶም ወደ ውስጥ ዘለቀ። ነዋሪዎቹ ሙቀት ሲጠብቁ ሻጋታ አገኙ።

ከእንዲህ ያሉ ውድቀቶች በኋላ ብሪታንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ፒ.ኤ.ኤስ. 2035 የተባለ የእድሳት መመዘኛ አወጣች። የመመዘኛው መንፈስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤቱን እንደ አንድ ሙሉ አካል መርምር፤ ያለውን ብልሽት አስቀድመህ ጠግን፤ አየር ማናፈሻውን አረጋግጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የሙቀት መከላከያ ጨምር።

አንደኛ፦ ውሃን ማራቅ

ወደ አገራችን እንመለስ። የጭቃ ቤት ዋነኛ ጠላት ውሃ ሲሆን የሚመጣውም በሦስት መንገድ ነው፦ ከላይ በተቀደደ ቆርቆሮ፣ ከጎን በፍንጣሪ፣ ከታች ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ። ከክፈፍ የሚወርድ ውሃ መሬት ላይ ሲያርፍ ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ይመታል። ልስኑ መጀመሪያ የሚረግፈው ከሥር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አሸንዳ መግጠም፣ ክፈፉን ማርዘም፣ የወረደውን ውሃ ከቤቱ በሚያርቅ ቦይ መውሰድ ከማንኛውም ልስን የበለጠ ይጠቅማል። መንገድና ግቢ በተደጋጋሚ ሲነጠፉ የውጩ መሬት ከወለሉ በላይ የሚሆንባቸው ቤቶችም አሉ። እንዲህ ባለ ቤት አፈሩን ከግድግዳው ሳያርቁ ውስጡን መለሰን ገንዘብን ከውሃ ጋር ማፍሰስ ነው።

ሁለተኛ፦ ተንን ማስወጣት

ውሃ ከውጭ ብቻ አይመጣም። ቤተሰብ ሲተነፍስ፣ ወጥ ሲሠራ፣ ቡና ሲያፈላና ልብስ ሲያሰጣ በቀን በርካታ ሊትር ውሃ በተን መልክ ወደ ቤቱ አየር ይለቅቃል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ቀዝቃዛ ገጽ ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። በቤታችን ውስጥ ከሁሉ የቀዘቀዘው ገጽ ቆርቆሮው ነው። ማለዳ ከጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ ሁልጊዜ የዝናብ ፍሳሽ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን የተነፈሰው ትንፋሽም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የማወቂያው መንገድ ቀላል ነው፦ ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት ማግሥት ጣራው ከረጠበ ምክንያቱ ጤዛ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ቆርቆሮ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብርድን ለመከላከል ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክና በጨርቅ መድፈን የተለመደ ነው። ከሰል በሚነድበት ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ ገዳይ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል የሚገባ ከሆነ ቤቱን አየር እንዳያስገባ አድርጎ ማሸግ ጨርሶ አይፈቀድም። በግድግዳው የላይኛ ክፍል፣ ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖች፣ በወንፊት የተሸፈኑ ቋሚ ማናፈሻዎች ሊኖሩ ይገባል። በእነርሱ በኩል የሚወጣው ሙቀት የሕይወት መድን ነው። ይህ ማለት ግን ማናፈሻ ስላለ ከሰሉን ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ይቻላል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ሙቀትን መያዝ፤ ከጣራ ጀምሮ

ቤቱ ከደረቀና ከተነፈሰ በኋላ ወደ ሙቀት እንሄዳለን። ከየት እንጀምር? አንድ ቀላል ስሌት እናድርግ። ወለሉ 20 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት እንውሰድ። ውስጡ ከውጩ በ10 ዲግሪ ይሞቃል እንበል። ነጠላ ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ያህል ያሳልፋል፤ ስለዚህ በጣራው 1,400 ዋት ይጠፋል። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ 1.75 ዋት ገደማ ያሳልፋል እንበል፤ 40 ካሬ ሜትር ከሆነ የሚጠፋው 700 ዋት ነው። ግድግዳው ስፋቱ የጣራው እጥፍ ሆኖ ሳለ የሚያባክነው ግማሹን ብቻ ነው።

አሁን 5 ሴንቲ ሜትር ጥሩ የሙቀት መከላከያ በኮርኒሱ ላይ ብናደርግ የጣራው ብክነት ከ1,400 ወደ 150 ዋት አካባቢ ይወርዳል። ያንኑ መከላከያ በእጥፍ ስፋት ገዝተን ግድግዳው ላይ ብንለጥፍ ግን የምናተርፈው 500 ዋት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ የግድግዳውን መድረቂያ እንዘጋለን። ስለዚህ ግድግዳው በጭቃ ወይም በኖራ ልስን እንደ ልቡ ይተንፍስ፤ ገንዘቡ ወደ ጣራ ይሂድ።

ይህም ሁለት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። ኮርኒሱ፣ አቡጀዲም ይሁን ማዳበሪያ ወይም ችፑድ፣ በዳርቻው ሁሉ በሚገባ መገጣጠም አለበት፤ አለበለዚያ ተኑ በክፍተቱ አልፎ፣ ከቀድሞው ይልቅ በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ መከላከያውን ያርሰዋል። በመከላከያውና በቆርቆሮው መካከልም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በክፈፉ በኩል አየር ሊነፍስበት ይገባል። የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከማንኛውም ነገር በፊት በባለሙያ ይመርመር፤ አሮጌ ሽቦን በጭድ ወይም በስፖንጅ መቅበር እሳት መጋበዝ ነውና።

የማን ኃላፊነት ነው?

ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ፣ በአነስተኛ ኪራይ የሚኖረው ተከራይ በራሱ ገንዘብ ለማደስ ዋስትና አላገኘም፤ የሚሰበሰበው ኪራይም ለጥገና የሚበቃ አልሆነም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሚተማመን ሰው የለም፤ ቶሎ የሚታይ እድሳት ይመረጣል። የሲሚንቶ ልስን ይታያል፤ አሸንዳና ቦይ ግን ለዓይን አይሞሉም። እንግዲህ ጉዳዩ የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የይዞታም ነው። ነባር ሰፈሮች የሚቆዩትም ሆነ በሌላ የሚተኩት በሌላ ውሳኔ ነው፤ ዛሬ ማታ በእነዚህ ቤቶች የሚያድረው ሕፃን ግን ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ደረቅ አየር ሊተነፍስ ይገባዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ዘርፍ የሚጠብቃችሁ ሥራ ብዙ ነው። የእኛን ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በተለያየ መጠን አቡክታችሁ ሙቀትንና ተንን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለኩ። የደጋው የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት በውስጡ ሊይዝ የሚችል ቁስ ነው፤ ከብልና ከእሳት ተጠብቆ ለኮርኒስ መዋል አለመዋሉን መርምሩ። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ቤቶቹ ግቡ፤ በሐምሌ ማለዳ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ እናቶችን ጣራው የሚንጠባጠበው መቼ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። መሐንዲስ ከመሣሪያው በፊት ጠያቂ ጆሮ ያስፈልገዋል።