«ይህቺን ብቻ ጨምርልን»፦ የውድድር መዝገብ ሲሠራ ስለ ጥያቄና ስለ ዋጋ

(በደጋን ከተማ ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች በተዘጋጀ የፕሮጀክት አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)





በመርሐ ግብሩ ላይ የተሰጠኝ ርእስ «የሶፍትዌር ግዥና የውል አያያዝ» ይላል። ርእሱ ደረቅ ነው። የምነግራችሁ ግን አንድ ወጣት የእኛን ሥራ እየሠራ ሳለ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ስለ ተጠራቀመበት ሁኔታ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። በከፋዩ ወገን ውሉን የፈረምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ከጥፋቱ የሚበዛውን ድርሻ የምወስደውም እኔ ነኝ።

እንደምታውቁት በዚህ አካባቢ የወጣቶች የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ውድድር ከሰበካ አጥር ያለፈ ጉዳይ ነው። አንዱ ቡድን ሲሰለፍ ግብ ጠባቂው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ አጥቂው የመስጊዱ ጎረቤት ልጅ ይሆናል፤ ወሎ ነውና ማንም አይደነቅበትም። የቀደሙት ውድድሮች መዝገብ በወረቀት የተያዘ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከሌሎች ብዙ ሰነዶች ጋር እርሱም ጠፋ። ውድድሩ እንደገና ሲጀመር መዝገቡን በኮምፒዩተር እንያዘው ተባለና የሚስማማን የመረጃ ቋት እንዲሠራልን በኮምፒዩተር ሙያ የተመረቀ የኮምቦልቻ ልጅ ቀጠርን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃችንም ነው። ይህን ዝምድና ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ውሉ አንድ ገጽ ነበር። የሥራው ዝርዝር ሦስት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ቡድኖችንና ተጫዋቾችን የሚመዘግብ፣ የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጣ፣ ውጤትና የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያሳይ ይላል። ዋጋው 45,000 ብር፤ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ «ሥራው ሲጠናቀቅ» የሚከፈል። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ተጠናቀቀ የሚለውስ ማን እንደሆነ አልጻፍንም።

ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ሦስቱንም ሠርቶ አሳየን። እኛም ደስ አለን፤ ደስታችንን የገለጽነው ግን ተጨማሪ በመጠየቅ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርግልን» የሚል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ በቴሌግራም የጻፍኋትም እኔ ነኝ። ፕሮግራም ሠሪዎች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ለእነርሱ ዓመት ዐሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜን የሚባል ወር የለም። የእኛ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ቀን ሆና ቆይታ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ትሆናለች፤ የዓመቱም ልዩነት እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ውድድራችን የዕድሜ ገደብ ያለው በመሆኑ በልደት ቀን ላይ የአንድ ቀን ስሕተት አንድን ልጅ ከሜዳ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የቀኑን ስሌት ከሥሩ ሊያዘጋጅና በየዓመቱ ድንበር ላይ ሊፈትነው ግድ ሆነበት። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። እኔ የቀለም ለውጥ ያህል መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ ይህንስ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀይለ»፣ ሦስተኛው «ሃይለ»። «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ»፣ «ሰዒድ» እና «ሰይድ» እንዲሁ። ለእኛ ለአንባቢዎች አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተጫዋች በሁለት ቡድን ተመዝግቦ ሁለት ቅዳሜ ተጫወተብን። እንዳወቅን «ይህን አስተካክል» አልነው፤ እንደ ስሕተቱ ቆጥረን። እውነቱን ለመናገር፣ የሞክሼ ፊደላትን ነገር አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባው ዲፕሎማውን በፊደልና በመጻሕፍት መካከል ያገኘው እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ገርባ ያሉት ወገኖች ብዙ ተጫዋች ወደ ባቲ ገበያ ስለሚወርድ መርሐ ግብሩ ሰኞን እንዲዘል ጠየቁ። ዓርብ ቀትር ጨዋታ እንዳይኖርም ተጠየቀ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ሌላው ደግሞ ፎቶግራፍ ያለው መታወቂያ እንዲታተም፣ ሌላው ውጤት በስልክ መልእክት እንዲላክ፣ አንድ አባት የክርስትና ስም ማስገቢያ እንዲኖር ፈለጉ (ግማሾቹ ተጫዋቾች ሙስሊሞች መሆናቸውን ስናስታውሳቸው ስቀው ተዉት)። በመጨረሻ የሩጫ ውድድር ይጨመር ተባለ። በሩጫ ጎል የለም፤ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ይህ ጭማሪ ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው።

ከሁሉ የጸጸተኝ የካርድ መዝገብ ነው። ቢጫና ቀይ ካርድ የሚቆጥር ክፍል በውሉ ውስጥ የለም፤ ማናችንም አላሰብነውም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ 2005 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ነገር ግን በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ማረፍ የሚገባው ተጫዋች ተሰልፎ ነበርና ፊፋ ውጤቱን ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፎ የጨፈረ ሕዝብ፣ ማለፉን ለማረጋገጥ እስከ ጳጉሜን 2 መጠበቅ ግድ ሆነበት። ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ወደ ናይጄሪያው ጨዋታ ማለፉ እግዚአብሔር ረድቶን ነው። ሦስት ነጥብ የቀረችው በእግር ድካም ሳይሆን በመዝገብ ጉድለት ነው። እንግዲህ የካርድ መዝገብ ለውድድር እንዲህ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የሚያስፈልገንን አስቀድሞ ማወቅና መክፈል የአሠሪው ፋንታ ነበር።

በአምስተኛው ወር ልጁ ስልክ ማንሳት አቆመ። ኮሚቴያችን ተቆጣ። «ግማሹን ገንዘብ በልቶ ጠፋ» ያለም ነበር። ሄጄ እንድገሥጸው ተላክሁ፤ እኔም ተግሣጹን እያሰናዳሁ ሄድሁ።

ቤቱ ስደርስ ቡና አፈላልኝ፤ ከዚያም አንድ ተራ ደብተር አወጣ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠየቅነውን ሁሉ፣ ማን እንደጠየቀና ስንት ሰዓት እንደወሰደ ጽፎታል። ጥያቄው 37 ነበር። ጠያቂዎቹ ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ አንዱ የሚለውን ሌላው የሚሽር ጥያቄ አቅርበዋል። ኪራዩን የጠቀስሁላችሁን ያን ጊዜ ሰማሁ። ላፕቶፑንም የገዛው በብድር ነበር።

«ለምን ዋጋውን አልነገርኸንም?» አልሁት።

«ዲያቆን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዴት ብዬ ዋጋ እጠራለሁ? ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለኝ። ዝም ብሎ ቆይቶ ደግሞ «እርስዎስ ደመወዝዎን በወሩ መጨረሻ አይደል የሚቀበሉት?» አለ።

ያሰናዳሁት ተግሣጽ እዚያው ቀረ።

አባቶቼ፣ ዝምድናውን ያዙልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። «የራሳችን ልጅ ነው፣ በረከት ያገኝበታል» የሚለው ንግግር በኮሚቴያችን ከአንድ ጊዜ በላይ ተነግሯል። አገልግሎት በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ሰጪው መጠኑን ራሱ ይወስናል። ሠራተኛን ዋጋ ተስማምተን ቀጥረን ሲያበቃ ከድካሙ ላይ ያለ ፈቃዱ የምንወስደውን ግን በረከት ብለን ልንሰይመው አንችልም። ልጁም ቢሆን አልተሳሳተም አልልም። እያንዳንዱን ጥያቄ «እሺ» ብሎ መቀበሉ፣ ጊዜውንና ዋጋውን አለመናገሩ፣ በመጨረሻም መሰወሩ እኛንም ጎድቶናል። በይሉኝታ የተዘጋ አፍ ለሁለቱም ወገን ዕዳ አመጣ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። 37ቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበብን። ዘጠኙ የእርሱ የሥራ ስሕተት ሆነው ተገኙ፤ ያለ ክፍያ ሊያርም ተስማማ። ስድስቱ በውሉ ቃል ውስጥ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚያከራክሩ ነበሩ፤ ውሉን ያድበሰበስነው እኛ ስለሆንን ግማሽ ዋጋ ከፈልን። የቀሩት 22ቱ ግልጽ አዲስ ፍላጎቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ፊት ዋጋ ሲጻፍ ከመካከላቸው ዐሥራ አንዱ ወዲያው ተተዉ፤ ዋጋ የሌለው ፍላጎት እንዴት እንደሚበዛ ያን ቀን ተማርሁ። ጠቅላላ ተጨማሪው 26,000 ብር ሆነ። ገንዘቡን ከየት አመጣችሁ ትሉኝ ይሆናል፤ የረዳንን አካል በደብዳቤ አስፈቅደን ለመለያ ልብስ ከያዝነው ላይ አነሣን። በዚያ ዓመት ቡድኖቹ በአሮጌ መለያ ተጫወቱ። ቅር ያላቸው አሉ፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቢሯችን የሚሠራበትን ሥርዓት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የአባላት ምዝገባም ሆነ የዐሥራት መዝገብ በኮምፒዩተር ለማሠራት ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና። ከአሠሪው ወገን ጥያቄ የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ፍላጎቱን ለእርሱ ይነግራል። ማንኛውም ጭማሪ በአንዲት ቅጽ ላይ ይጻፋል፤ ባለሙያው የሚፈጀውን ቀንና ዋጋ ይሞላል፤ ሁለታችን ሳንፈርም ሥራው አይጀመርም። «በቴሌግራም ነግሬህ ነበር» አይሠራም። ክፍያው በሦስት ይከፈላል፦ በውሉ ፊርማ፣ መጀመሪያ ሠርቶ ሲያሳይ፣ በተጻፈው ዝርዝር ተፈትኖ ሲረከብ። ለፈተናው ዐሥራ አምስት ቀን እንወስዳለን፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅሬታ ካላቀረብን እንደተረከብን ይቆጠራል። ከርክክብ በኋላ ያለው ጥገናም የራሱ ዋጋ አለው።

ስለ ግብርም አንድ ቃል። ከክፍያው ላይ የሚቀነሰውን ቅድመ ግብር ለልጁ አስቀድመን አልነገርነውም ነበርና ቀንሰን ስንሰጠው ሌላ ቅሬታ ሆነ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መኖሩን ከውሉ በፊት ጠይቁ፤ እጁ የሚገባውን የተጣራ ገንዘብ ንገሩት።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ የማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። የልጆቹ ስም፣ ፎቶግራፍና የልደት ቀን ግን ለሌላ ሥራ እንዳይውል መጠበቅ የእኛ ኃላፊነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ይህን ይጠይቃል። ቅጂውንም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጡ። ምክንያቱን ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ልጁ አሁንም አብሮን ይሠራል። የሩጫው ጥያቄ በቅጹ ላይ ተጽፎ፣ 18,000 ብር ተተምኖበት፣ የእኔን ፊርማ እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ በጀት እስኪገኝ አልፈርምም። የቅጹን ባዶ ቅጂ በመግቢያው በኩል አስቀምጠንላችኋል፤ ከሻይ በኋላ የራሳችሁን ውል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አብረን እናየዋለን።